ጨርቅ የተጣለበት እጅ

ኦፕራሲዮኑ ተሳክቶ ነበር፤ እጁ ግን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተቃጠለ። የተቃጠለውም ስላላመመው ነው።

ሰውየው ዳቦ ጋጋሪ ነው። ከታላቅ ወንድሙ ጋር አንድ ዳቦ ቤት አላቸው። የተሰበረ የመስኮት መስታወት ክንዱን ቢቀደው ሆስፒታል ሄደ፤ እዚያም ሙሉ ሰውነቱን ሳያስተኙ፣ ወደ ክንዱ የሚወርዱትን ነርቮች ብቻ በመርፌ አደንዝዘው ጡንቻውን ሰፉለት። ሳይሰማው ተሰፋ፣ ሳያመው ወጣ፣ ቀጥ ብሎም ወደ ዳቦ ቤቱ ሄደ። በዚያ ዳቦ ቤት ምድጃ መድረሱ የሚታወቀው በቀኝ መዳፍ ነው። መዳፍን የምድጃው የብረት በር ላይ አሳርፎ መቁጠር ነው፤ ሦስት ላይ እጅ ካልቻለ ምድጃው ደርሷል፣ አምስት ካስቆጠረ ገና ነው። አባታቸው የሚለኩት እንዲህ ነበር፤ ልጆቹም ሌላ መለኪያ አያምኑም። ታናሽየው ማታ የሚጋገረው ሊጥ ተዘጋጅቶ ሲያይ አላስቻለውም። ክርኑን ማጠፍ ስለቻለ እጁ የተመለሰለት መሰለው፤ ክንዱን ከአንገቱ ማንጠልጠያ አውጥቶ መዳፉን በሩ ላይ አሳረፈና ቆጠረ። ሃያ ደረሰ። ምድጃው ሬሳ ሆኗል፣ ማገዶ ጨምሩ ብሎ ሲቆጣ ሽታው አፍንጫው ገባ።

ክንዱን ያደነዘዘችለት የማደንዘዣ ባለሙያ ይህን የሰማችው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያውም በአጋጣሚ፣ ዳቦ ልትገዛ ገብታ።

ሁልጊዜ የምትገዛበት ሱቅ ሰልፍ ነበረው። እሷ ደግሞ ሰልፍ አትወድም። ተማሪ ሳለች ጀምሮ የምትታወቀው በፍጥነቷ ነው፤ ትምህርቱንም፣ ሥራውንም፣ ሰላምታውንም ቶሎ ትጨርሳለች፤ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ከገጠማት ዓረፍተ ነገሩን ራሷ ትጨርስለታለች። እናም ሁለት መንገድ ተሻግራ፣ ገብታበት ወደማታውቀው ዳቦ ቤት ገባች። በሩን ግን አልዘጋችም።

"በሩን ዝጊው ልጄ፤ ሊጥ ብርድ አይወድም" የሚል ድምፅ ከባንኮኒው ጀርባ መጣ።

በተረከዟ ገፋ አደረገችው። መቀርቀሪያው አልያዘም። ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሥተው መጡና በግራ እጃቸው ዘጉት። አምስት እርምጃ ለመራመድ ሁለት ጊዜ ቆመው ተነፈሱ፤ ሲተነፍሱም ደረታቸው ያፏጫል። አርባ ዓመት ሙሉ ዱቄት የተነፈሰ ደረት ነው። ቀኝ እጃቸው በሻሽ ከአንገታቸው ተንጠልጥሏል፤ ጣቶቻቸው አብጠው ጠቁረዋል። ራሳቸው ላይ ደግሞ የኦፕራሲዮን ክፍል አረንጓዴ ቆብ ደፍተዋል።

ስለ ቆቡ ሰምታ ነበር። የሥራ ባልደረባዋ እየሳቀ ነው የነገራት። አንጓው ላይ አጥንቱ ተሰብሮ የተዛባበት አንድ ዳቦ ጋጋሪ አልጋ ላይ ከወጣ በኋላ የሚደነዝዘው ክንዱ ብቻ መሆኑን ሲሰማ፣ ወርዶ፣ ጫማውን ፈልጎ፣ ቆቡን እንዳደረገ ሄደ። ሁሉም ስቋል፤ ቀዶ ሐኪሙ ብቻ አልሳቀም። አጥንቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተስተካክሎ በብረት ካልታሰረ እንደተጣመመ ይገጥማል፤ ከዚያ ወዲያ ማቃናት ማለት እንደገና መስበር ነው። ሽማግሌው ዱቄት በተነሰነሰበት ወለል ላይ ተንሸራትተው ከወደቁ ዛሬ አሥረኛ ቀናቸው ነው። የቀራቸው አራት ቀን ነው፤ ቀኝ እጃቸው ደግሞ ሊጥ የሚያቦካው እጃቸው ነው።

"ቆቡ የኛ ነው" አለቻቸው።

"ልትወስጂው መጣሽ?"

"ቆቡን ይያዙት። የፈለግነው እጅዎን ነው።"

ሽማግሌው ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት። ደንበኞች "ጋሽ እርሾ" ይሏቸዋል፤ ምንም ነገር ቢጣደፍ እሳቸው አይጣደፉም። መልስ ከመስጠታቸው በፊት ታናሽ ወንድማቸው ትሪ ተሸክሞ ከጓዳ ወጣ። መዳፉ በፋሻ ተጠቅልሏል። ባለሙያዋን ሲያይ ፊቱ በራ።

"ጋሼ፣ ይቺ እኮ ናት፤ የመርፌዋ ልጅ" አለ።

የጋሽ እርሾ ፊት ግን አልበራም። ወንበር ሳቡላት። ተቀመጪ አላሏትም፤ ሳቡላት ብቻ። የወንድማቸውን ፋሻ በግራ እጃቸው ፈትተው መዳፉን አሳዩዋት። ቆዳው ቀልቶ፣ ተጨማዶ፣ ጫፍ ጫፉ ገና እየዳነ ነው። ታናሽየው ነገሩን እንደ ቀልድ ተረከላት። ማታ መርፌው ሲለቀው ስፌቱና ቃጠሎው ተያይዘው እንደመጡ፣ ለየትኛው እንደሚያለቅስ እንደጠፋው ነገራት። እሷ አልሳቀችም። ክንዱን ያደነዘዘችው እሷ ናት፤ ስፌቱ የተዋጣ መሆኑን እያየች ነው፤ መዳፉንም እያየች ነው።

ጋሽ እርሾ ነገራቸውን አሳጠሩ። እንቅልፍ ስጡኝ ብዬ ለመንኩ፣ እምቢ አላችሁ፤ የወንድሜን እጅ እንዲህ ያደረገውን መርፌ ለኔም ልትደግሙት ነው፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ቢባል ምን ይደንቃል አሉ።

እሷም ትምህርት ቤት እንደተማረችው አስረዳች። ነርቮች ከአንገት ተነሥተው በብብት በኩል ወደ ክንድና ወደ ጣት እንደሚሄዱ፤ በአልትራሳውንድ ሥዕል እያየች መድኃኒቱን ነርቩ ውስጥ ሳይሆን ዙሪያውን እንደምታፈስ፤ የሕመሙ መልእክት መንገድ ላይ እንደሚቆም፤ ሰውየው ግን እንደነቃ፣ በራሱ ሳንባ እየተነፈሰ እንደሚቆይ፤ ከሰዓታት በኋላ ሁሉም ወደ ነበረበት እንደሚመለስ። ጉዳቱንም አልደበቀችም። አንዳንዴ መርፌው በደንብ እንደማይይዝና መድኃኒት እንደሚጨመር፤ እጁን ለጥቂት ቀናት የሚጠዘጥዘው ሰው እንዳለ፣ ከዚያ የሚዘልቀው ግን በጣም ጥቂት መሆኑን ተናገረች። ይህን ሁሉ የተናገረችው አንድ ዳቦ ተቆርሶ በማያልቅበት ጊዜ ውስጥ ነው። ጋሽ እርሾ ጥፍራቸው ውስጥ የደረቀ ሊጥ እየለቀሙ አዳመጧት።

"ጨረስሽ?"

"ጨረስኩ።"

"ለወንድሜም የነገርሽው እንዲህ ነበር? እንዲህ እየሮጥሽ?"

ታናሽየው ሊረዳት ፈልጎ የሚያስታውሰውን ተናገረ፤ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ "እጅዎን ይጠብቁ" እንዳለችው። እሱም ሌባ ይወስደዋል እንዴ ብሎ በሆዱ መሳቁን ጨመረበት።

የታናሽየው የሕክምና ወረቀት ትዝ አላት። ግርጌው ላይ "ምክር ተሰጥቷል" የሚል ሣጥን አለ። እሷ ያን ሣጥን የምትሞላው ምክሩን ከመስጠቷ በፊት ነው፤ ጊዜ ይቆጥባል። የዚያን ቀንም ሞልታዋለች። በመዝገብ ደረጃ ጥፋት የለባትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ግን ለቃሚዋ ራሷ ስትሆን ነው፤ እሷ ያፈሰሰችውን ሦስት ሳምንት ሙሉ የለቀመው ሌላ ሰው ነው።

ጋሽ እርሾ ቀጠሉ። አሁን ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ለረጅም ጊዜ አስበውበት የደረሱበትን ነገር ነበር የሚናገሩት።

"ስሚኝ ልጄ። ሕመም የቤት ዘበኛ ነው። ጨካኝ ነው፣ ይጮሃል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ግን ዘበኛ ነው። እናንተ ዘበኛውን ገደላችሁት፤ ሌባውም ገባ።"

"አልገደልነውም፣ አስተኛነው" አለች። "እርስዎ የሚለምኑትስ ምንድን ነው? ሙሉ እንቅልፍ ማለት በቤቱ ያለው ዘበኛ በሙሉ ተኛ ማለት ነው፤ ትንፋሽዎን የሚጠብቀውም ጭምር። ያን ጊዜ በእርስዎ ፈንታ የሚተነፍሰው መሣሪያ ነው። ለጤነኛ ደረት ችግር የለውም፤ በየቀኑ እናደርገዋለን። የእርስዎን ደረት ግን እዚህ ቁጭ ብዬ እየሰማሁት ነው።"

"ደረቴ ምንም አልሆነም።"

"ምንም አልሆነም ይላል" አሉ ሚስታቸው ከባንኮኒው፣ ዳቦ እየጠቀለሉ፣ ቀና ሳይሉ። "ሦስት ትራስ ተደግፎ፣ ቁጭ ብሎ ነው የሚያድረው። ጠዋት ስነሳ ስብሰባ የተቀመጠ ይመስለኛል።"

ታናሽየው ሳቀ። ጋሽ እርሾ ግን ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል አሉ፤ እንቅልፍን ያውቁታል፣ የደነዘዘ እጅን ግን አይተውታል። ነቅተው የመሰርሰሪያ ድምፅ መስማትም አይፈልጉም። መጋረጃ እንደሚኖር፣ ፍርሃት የሚያበርድ ቀላል መድኃኒት ሊሰጣቸው እንደሚችል፣ ጎናቸው ተቀምጣ እንደምታወራቸው ነገረቻቸው። ስለ ምን እንደምታወራቸው ጠየቁ። ስለ ሊጥ አለች። ስለ ሊጥ ምን ታውቂያለሽ አሏት። ምንም፤ ስለዚህ እርስዎ ያወራሉ አለቻቸው።

እዚህ ላይ እውነቱ መነገር አለበት። እስካሁን የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነበር፤ ሽማግሌውም አንድ ስንዝር አልተነቃነቁም። ብዙ የተማርን ሰዎች እዚህ ስንደርስ ሽማግሌው ደንቆሮ ነው ብለን ቦርሳችንን እናነሳለን። እሷም አነሳች። ለመነሳት ስትደገፍ እጇን ወደ ጎኗ ወዳለው የብረት መደርደሪያ ዘረጋች፤ ታናሽየው ግን በደህና እጁ ክርኗን ቀለበው።

"ጨርቅ አለበት እኮ" አላት።

መደርደሪያው ላይ ባዶ ትሪዎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ጥቁር፣ ዝም ያሉ። አንደኛው ላይ ግን ቀይ ጨርቅ ጣል ተደርጎበታል። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀች። ታናሽየው ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እንደተጠየቀ ሰው አያት። አሁን ከምድጃ የወጣ ትሪ ነው። የጋለ ብረትና የቀዘቀዘ ብረት ለዓይን አይለይም፤ ስለዚህ ያወጣው ሰው ወዲያው ጨርቅ ይጥልበታል። ጨርቅ ያለበትን ማንም አይነካም፤ ጌታም ቢሆን፣ እንግዳም ቢሆን።

ባለሙያዋ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። ትሪውን አየች፤ የታናሽየውን መዳፍ አየች።

"የደነዘዘ እጅና የነቃ እጅም ለዓይን አይለይም" አለች ቀስ ብላ። በዚያ ቀን ቀስ ብላ የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር። "ለባለቤቱም አይለይም። እጁን አደነዘዝኩት፣ ጨርቅ ግን አልጣልኩበትም። መርፌው አልበደለውም ጋሼ፤ እኔ ነኝ። ወረቀቱ ላይ መክሬዋለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ። አልመከርኩትም። በር ላይ ሆኜ ጮህኩበት።"

ጋሽ እርሾ አረንጓዴውን ቆብ አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

"ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል" አሉ። "ከመጀመሪያው እንዲህ ብትይ ዳቦሽን ይዘሽ ሄደሽ ነበር።" ከዚያም ያልጠበቀችውን ጥያቄ አመጡ። "ጨርቁን የሚያነሳው ማን ነው?"

አልገባትም። አስረዷት። በዚህ ቤት ጨርቁን የጣለ ራሱ ያነሳል። ሌላ ሰው በግምት፣ በርዷል ብሎ፣ ካነሳ ከሥራ ይባረራል፤ አባታቸው የገዛ አጎታቸውን ለአንድ ሳምንት አባርረዋል። ወንድማቸው የተቃጠለው ጨርቅ ስላልተጣለበት ብቻ አይደለም፤ እጄ ተመልሷል ብሎ በግምት ራሱ ስለወሰነም ነው። ስለዚህ የኔን እጅ አደንዝዘሽ ጨርቅ ከጣልሽበት፣ መጥተሽ ነክተሽ መመለሱን አረጋግጠሽ የምታነሺው አንቺ ነሽ፤ ይህን ካልሽ ነገ ጠዋት አልጋው ላይ እወጣለሁ አሉ።

በሽተኛን ቤቱ ድረስ መከተል የሥራዋ ክፍል አልነበረም። ይህን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ የታናሽየውን መዳፍ አየችና ዘጋችው።

"እመጣለሁ" አለች።

"ቆቡን ይዤ ልምጣ?"

"አያምጡት። በዱቄት ተበላሽቷል።"

በማግስቱ እህል ሳይቀምሱ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጋሽ እርሾ አልጋው ላይ ወጡ። ከአንገት ሥር የሚሰጠው መርፌ የመተንፈሻ ጡንቻን ሊያደክም ስለሚችል ለእንዲህ ያለ ደረት አይመረጥም፤ እሷ በብብት በኩል ገባች። መስታወት ላይ እንደሚታይ ሁሉ ነርቮቹን በአልትራሳውንዱ አሳየቻቸው፤ እሳቸውም የዳቦ ቀዳዳ ይመስላል አሉ። መድኃኒቱን በጥቂት በጥቂቱ እየሰጠች፣ ጆሮዎ ይጮሃል ወይ፣ አፍዎ ውስጥ የብረት ጣዕም አለ ወይ እያለች ጠየቀቻቸው፤ መድኃኒቱ ወደ ደም ሥር ከሾለከ የሚታወቀው በዚህ ነው። አፌ ውስጥ ያለው የርኃብ ጣዕም ብቻ ነው አሏት። ከሃያ ደቂቃ በኋላ በበረዶ ውሃ የራሰ ጥጥ በእያንዳንዱ ጣት ላይ አሳረፈች። ቅዝቃዜው ጠፍቷል። ሐኪሙ አጥንቱን አቃንቶ በብረትና በብሎን ሲያስር፣ ጋሽ እርሾ ከመጋረጃው ወዲህ ሊጥ ለምን ሁለት ጊዜ መነሳት እንዳለበት ያስተምሯት ነበር። እየደጋገሙ አስተማሯት። ሌላ የምትሄድበት ስላልነበራት አዳመጠች።

የመርፌው ጥቅም በዚያ ቀን በግልጽ ታየ። ሽማግሌው በራሳቸው ደረት ሲተነፍሱ ዋሉ፤ ቱቦ ጉሮሯቸው አልገባም። አላስመለሳቸውም፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሻይ ጠጡ። ለብርቱ ሕመም የሚሰጠውና ትንፋሽ የሚያደክመው መድኃኒት አላስፈለጋቸውም፤ ለሳቸው ሳንባ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከሰዓት በኋላም በእግራቸው ሄዱ።

ምክሩን ግን ባለሙያዋ በዚህ ጊዜ ቁጭ ብላ ሰጠች፤ ሚስታቸውም ባሉበት። ክንዱ ከማንጠልጠያው እንዳይወጣ፤ ትኩስ፣ ስለታም፣ ከባድ ነገር እንዳይጠጋው፤ ሲተኙ ጎናቸው እንዳይጫነው፤ ክርን ቢታጠፍም ጣት ገና ሊሆን እንደሚችል፤ ማስታገሻውን ሕመሙ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ከመምጣቱ በፊት፣ ሊተኙ ሲሉ እንዲወስዱ፤ ጣቶቻቸው ከገረጡ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ሳይቆዩ እንዲመለሱ። ከዚያም ሚስታቸው የነገረቻቸውን ሁሉ መልሰው እንዲነግሯት ጠየቀች። አንዱን ዘለሉት፤ እንደገና አስረዳች። መጨረሻ ላይ ከዳቦ ቤቱ የመጣውን ቀይ ጨርቅ ማንጠልጠያው ላይ አሰረች። ሣጥኑን የሞላችው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከሥራ በፊት ሄደች። ጋሽ እርሾ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ጎህ ሲቀድ ጣቶቻቸውን ጉንዳን እንደወረራቸው፣ ሕመሙም እንደመጣ፣ ግን ኪኒኑ ቀድሞ ስለጠበቀው የሚቻል ሕመም እንደነበር ነገሯት። ታናሽየው በሩ ላይ ተደግፎ፣ ሌሊት ምድጃው ደርሶ እንደሆነ እንኳ ጋሼ በግራ እጁ ነው የለካው፣ ጨርቁን እንደ ማዕረግ እያሳየ ማንንም አላስጠጋም አለ። ከትናንት ወዲያ ድረስ ግራ እጅ ሙቀት አያውቅም ይሉ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

ባለሙያዋ ተቀመጠች። በቀዝቃዛ ጥጥ አምስቱንም ጣቶች፣ መዳፉንም፣ የእጃቸውንም ጀርባ አንድ በአንድ ነካች፤ እያንዳንዱን ጠየቀች። ትንሿ ጣት ላይ ትንሽ እንደቀረ ሲነግሯት ጨርቁን ሳታነሳ ቁጭ አለች። ግማሽ ሰዓት ጠበቀች። የጠበቀችው ያለ መጽሐፍ፣ ያለ ስልክ ነው፤ ሥራ ላይ እንደምትዘገይ አስቀድማ አስታውቃለች። ከዚያ እንደገና ነካች።

"በረደኝ" አሉ ጋሽ እርሾ።

ጨርቁን ፈታች። ልትመልስላቸው ስትዘረጋው እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ለሚቀጥለው ሰው ትጥይበታለሽ። ማን እንደሚያነሳው ግን ንገሪው።"

እንዳትረሳው አላስማሏትም፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ነርቩ የደነዘዘ ክንድና እግር ሁሉ ቀይ ጨርቅ ታስሮበት ነው የሚወጣው፤ በማግስቱም አንድ ሰው ደውሎ ወይም ሄዶ ሳያረጋግጥ አይፈታም። ስንቱ መዳፍ ከምድጃ እንደዳነ የሚቆጥር መዝገብ የለም፤ ያልተቃጠለ እጅ አይመዘገብም።

ጨርቁን አጥፋ ኪሷ ከተተች። ጠረጴዛው ላይ አራት ዳቦ ተጠቅልሎላታል፤ አነሳችው። ሥራ ረፍዶባታል። ሆኖም ከወጣች በኋላ ዞር ብላ በሩን በእጇ ያዘችና፣ መቀርቀሪያው ቀጭ እስኪል ድረስ፣ ቀስ ብላ ዘጋችው።